«ይጠበቃል» ሲባል ጠባቂው ማን ነው?

የምሽቱን ዜና ከፍተው ለሩብ ሰዓት ያድምጡ። ጉባኤው ነገ ጠዋት ይጀመራል ተብሎ ይጠበቃል። ማዳበሪያ የጫነው መርከብ በዚህ ሳምንት ጅቡቲ ወደብ እንደሚደርስ ይጠበቃል። በመጪው ክረምት በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል። ከኅብረተሰቡም ተገቢው ትብብር ይጠበቃል። አራት ዜና በአንድ ግሥ ተዘጋ።

እኔ የሬዲዮ ዜና አርታዒ ነኝ። ሪፖርተሮች ጽፈው የሚያመጡትን ማንበብ፣ ማቃናት፣ ለዜና አንባቢው ማስረከብ የዘወትር ሥራዬ ነው። በዚህ ሥራ እስክሪብቶዬን እንደ «ይጠበቃል» የሚያስቆመው ቃል የለም። ቃሉ ጥሩ አማርኛ ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ብዙ ነገር የተሸከመ ነው። የሚቆረቁረኝ ሸክሙ ሁሉ ተራግፎ የዓረፍተ ነገር መዝጊያ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው።

እስኪ እነዚያን አራት ዜናዎች ለየብቻ እንያቸው። የጉባኤው መጀመር ዕቅድ ነው፤ ጥሪው ተበትኗል፣ አዳራሹ ተይዟል፣ ቀኑን የቆረጠው አካል ይታወቃል። የመርከቡ መድረስ ግምት ነው፤ ባሕሩና የወደቡ ወረፋ ይወስኑታል። የዝናቡ ነገር ትንበያ ነው፤ ባለሙያ ለክቶና አስልቶ የደረሰበት የዕድል መጠን ነው። ትብብሩማ ጭራሽ ስለ ነገ የሚያወራ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። አድማጩ ግን አራቱንም በአንድ ድምፅ፣ በአንድ እርግጠኝነት ይሰማቸዋል። በዚያ ላይ ከአራቱ አንዱም የጠባቂውን ስም አይጠራም።

ያደግሁት በደቡብ ወሎ፣ ወረኢሉ ነው። በእናቴ አፍ «ጠበቀ» ባለብዙ ሥራ ቃል ነበር። «ጥጆቹን ጠብቂ» ስትለኝ ዓይንሽን ከእነሱ አትንቀዪ ማለቷ ነው። «ከወንዙ ወዲህ ጠብቂኝ» ስትል ባለሽበት ቆዪ ማለቷ ነው። ማታ ስትመርቀኝ ደግሞ «እግዜር ይጠብቅሽ» ትላለች፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም «አላህ ይጠብቅሽ» ይሉኛል። ማየት፣ መቆየትና መከለል በአንድ ግሥ ውስጥ አብረው ያድራሉ። ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ የሆነ ቦታ ላይ ቆሞ የሆነ ነገር እያየ ነው፤ ጥጃው ቢጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው። በእናቴ አማርኛ ጠባቂ የሌለው ጥበቃ ኖሮ አያውቅም።

ከዚህ አንድ ግንድ የወጡትን ቅርንጫፎች ማየት ደስ ይላል። ፍርድ ቤት ስለ ሌላው የሚቆመው ጠበቃ ነው። የመሥሪያ ቤቱን በር የሚይዘው ቀድሞ ዘበኛ ይባል ነበር፤ ዛሬ ሥራውም ሰውየውም «ጥበቃ» ይባላሉ። ለክፉ ቀን የሚቀመጠው እህል ወይም ገንዘብ መጠባበቂያ ነው። «ጠባቂ» የሚለው ቃል ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ሰዎችን ይጠራል። በር ላይ የቆመው ብርቱ ሰው ጠባቂ ነው፤ የሰው እጅ የሚያየው፣ እርዳታ እስኪመጣለት የተቀመጠውም ጠባቂ ነው። «ጠባቂነት» ብለን የምንነቅፈው ይህን ሁለተኛውን ነው። አንዱ ነቅቶ ይጠብቃል፣ ሌላው እጁን አጣምሮ። ግሡ ሁለቱንም ይቀበላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሰውየው በሚጠብቅበት ሰዓት በሚሠራው ነው።

ድምፁም የራሱ ነገር አለው። «ገመዱ ጠበቀ» ስንል ከረረ ማለታችን ነው። በኃላፊ ጊዜ ይህኛው «ጠበቀ» ከዚያኛው «ጠበቀ» በጆሮ አይለይም። «ይጠብቃል» ሲባል ግን «ብ» ጠብቃ ከተነበበች ሰው ሰውን ይጠብቃል፤ ላልታ ከተነበበች ብሎኑ ይጠብቃል። ፊደላችን ይህን ልዩነት አይጽፈውም፤ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ያወጣዋል። የሰዋስው መምህሮቻችንም አንድ ፊደል ሲከር «ጠብቆ ይነበባል» እያሉ ያስተማሩን በዚሁ ቃል ነው።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን የአንዲት «ብ» ሥራ ነው። «ከመንግሥት ምን ይጠበቃል?» ሲባል ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ስለሚመጣ ነገር ነው። «መንግሥት ምን ይጠበቅበታል?» ሲባል ግን ስለ ግዴታ ሆነ። «የሚጠበቅብኝን ተወጥቻለሁ» የሚል ሰው ዕዳውን ከፍሏል። ይህች «ብ» ትከሻ ላይ የምትቀመጥ ናት፤ የሆነን ሰው ካላገኘች መቆም አትችልም። ለዚህም ይመስለኛል በመግለጫዎች ውስጥ እየጠፋች ያለችው። «ቢሮው መንገዱን መጠገን ይጠበቅበታል» ይባል የነበረው «መንገዱ ይጠገናል ተብሎ ይጠበቃል» ሆኖ ሲመጣ ቢሮው ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ ሄዷል። እንዲህ ያለ ዜና ሲደርሰኝ ቢሮውን ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።

አማርኛ ስለ ነገ ለመናገር ድሃ ቢሆን ኖሮ «ይጠበቃል»ን መደጋገማችን ይገባኝ ነበር። ግን እጅግ ሀብታም ነው። አባቴ ሰማዩን አይቶ የሚናገረውን አስታውሳለሁ። ነገሩ ካላሳመነው «ይዘንብ ይሆናል» ይላል። ደመናው ከበድ ካለ «ሊዘንብ ይችላል»። ነፋሱ ከተለወጠና ጉምጉምታ ከሰማ «ሳይዘንብ አይቀርም»። ምንም ካልጠረጠረ «መዝነቡ አይቀርም»። ጠብታው ሊወርድ ሲል «ሊዘንብ ነው፣ እህሉን አስገቡ»። አምስት እርከን ነው፤ እያንዳንዱም የተናጋሪውን እርግጠኝነት ልክ ይነግርሃል። በ«ሳይዘንብ አይቀርም» እና በ«መዝነቡ አይቀርም» መካከል ያለውን ርቀት ወሎ ውስጥ የሚስት ልጅ የለም፤ በመጀመሪያው ልብስ ይሰጣል፣ በሁለተኛው አይሰጣም።

«ቀረ» የሚለው ግሥ ከዚህ ሁሉ ጋር የተያያዘ ነው። «እንግዳው አልመጣም» እና «እንግዳው ቀረ» አንድ አይደሉም። ያልመጣ ሰው ማንም ሊሆን ይችላል፤ የቀረ ሰው ግን የሚጠብቀው ሰው ነበረው። ለእሱ ቡና ተፈልቷል፣ ወንበር ተዘጋጅቷል። «በልጉ ቀረ» ሲባልም እንደዚያው ነው። የታረሰ መሬት፣ በብድር የመጣ ዘር፣ ሰማይ ሰማይ ያየ ሰው አለ ማለት ነው። ታዲያ አማርኛ የነገን ዕድል የሚለካበትን «ሳይዘንብ አይቀርም» የሚለውን አባባል የሠራው ከዚሁ ግሥ ነው። ስለሚመጣው ሲናገር የመቅረትን አጋጣሚ እዚያው አብሮ ያነሣል። ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ የትንበያ ቋንቋ አላውቅም።

«ተስፋ» ሌላ ነው። ከግእዙ «ተሰፈወ» የወጣ ሲሆን ልብ ወዳዘነበለበት ያዘነብላል። ሰው ተስፋ የሚያደርገው መልካሙን ነው፤ ለክፉው «ሰጋ» አለለት። «ትንበያ» ከ«ነቢይ»ና ከ«ትንቢት» ጋር አንድ ሥር ነው። የቆዩ የሰዋስው መጻሕፍት የወደፊቱን ጊዜ «ትንቢት» ይሉት ነበር፤ «ይዘንባል» የሚል ሁሉ በጥቂቱም ቢሆን የነቢይ ሥራ እየሠራ ነው እንደማለት።   

ይህ ሁሉ ልዩነት የሚያስፈልገው ለማን ነው? ከሁሉ በፊት ለገበሬው። የወረኢሉ ደጋ የበልግ ገብስ አገር ነው፤ በልጉ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው፤ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም። በቆላው ያለው ገበሬ ደግሞ በሚያዝያ ማሽላ መዝራት አለበት፤ ማሽላ ረጅም ወራት ይፈልጋልና። ዝናቡ ከዘገየ ማሽላውን ትቶ ጤፍ ይዘራል። ጤፉም ካለፈው በመሬቱ ውስጥ በቀረችው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይሞክራል። እያንዳንዱ ውሳኔ ዘር ነው፣ የበሬ ጉልበት ነው፣ የዓመት ቀለብ ነው። ሬዲዮውን የሚከፍተውም ለዚህ ነው።

ሬዲዮው የሚነግረው ከየት ይመጣል? በአገራችን የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ራሱን ችሎ በአዋጅ የተቋቋመው በ1973 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። ባለሙያዎቹ የወቅት ትንበያ ሲያዘጋጁ ከእኛ እጅግ የራቀውን የፓስፊክ ውቅያኖስ ይመለከታሉ። የውቅያኖሱ የምድር ወገብ አካባቢ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኤልኒኖ ይባላል፤ ኤልኒኖ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱን ዝናብ የማሳነስ ጠባይ አለው። የዘንድሮውን ከሚመስሉ ያለፉ ዓመታት ጋርም ያመሳክራሉ።

ውጤቱ የሚወጣው በሦስት መደብ ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። የአንድን አካባቢ የ30 ዓመት የዝናብ መዝገብ ከደረቁ ወደ እርጥቡ ቢደረድሩት፣ የደረቁት 10 ዓመታት «ከመደበኛ በታች» ናቸው፣ የመሀሉ 10 «መደበኛ»፣ እርጥቦቹ 10 «ከመደበኛ በላይ»። ምንም መረጃ ከሌለ ሦስቱም እኩል ዕድል አላቸው፤ እያንዳንዳቸው ከመቶ 33 ግድም። የባለሙያው ሥራ ሚዛኑ ዘንድሮ ወዴት እንዳጋደለ ማሳየት ነው። ለምሳሌ ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 ከመቶ ሊል ይችላል።

ይህ ዜና ክፍል ሲደርስ «ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» ይሆናል። እዚህ ላይ ነው የምቆመው። ባለሙያው የነገረን ሦስት ቁጥር ነበር፤ እኛ አንዱን መርጠን ሁለቱን ቀበርን። ሌሎቹ ሁለቱ ሲደመሩ 55 ናቸው። ዝናቡ ከመደበኛ በላይ ሳይሆን የሚቀርበት ዕድል ከሚሆንበት ይበልጣል ማለት ነው። ያቺ 20 ደግሞ ለደሃ ገበሬ ከሁሉ የከበደች ናት። ከአምስት ክረምት አንዱ ደረቅ ሊሆን እንደሚችል ያወቀ ሰው ያለውን ዘር ሁሉ በአንድ ጊዜ መሬት ላይ አይበትንም። ባለሙያዎቹ ራሳቸው «ዝናብ የማግኘት ዕድል ይኖራቸዋል» ብለው ይጽፋሉ፤ «ዕድል» የምትለውን ቃል የምንቆርጣት እኛ ነን፣ ዜናው እንዲያጥር። አራት ፊደል ለማትሞላ ቃል የገበሬን ዓመት መክፈል ተገቢ አይደለም።

የቃል ምርጫ ምን ያህል እንደሚከብድ 2007 ዓ.ም. በደንብ ያሳያል። በልጉ ደካማ ነበር፤ ኤልኒኖ በርትቶ ክረምቱም በምሥራቅና በሰሜን ብዙ አካባቢዎች ከዳ። በዓመቱ አጋማሽ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች 2.9 ሚሊዮን ነበሩ። በነሐሴ 4.5 ሚሊዮን ሆኑ። በጥቅምት 2008 8.2 ሚሊዮን፣ በታኅሣሥ 10.2 ሚሊዮን። በእነዚያ ወራት በወጡ ዜናዎች ደጋግመን «የተረጂዎች ቁጥር ይጨምራል ተብሎ ይጠበቃል» ስንል ነበር። እናቴ ይህን ብትሰማ ያማት ነበር። ረሃብ አይጠበቅም። ረሃብ ያሰጋል። «ይጨምራል ተብሎ ይሰጋል» ሲባል የሚናገረው ሰው ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለ ይሰማል፤ የሚሰማውም እጁን መዘርጋት እንዳለበት ይገባዋል። «ይገመታል» ቢባልም ያስኬዳል፤ የገመተ ሰው ቁጥር ይዟልና ይጠየቃል።

እርግጥ ነው፣ የተናጋሪውን ስም መጥራት ብቻውን ሰው አያድንም። በ1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሚሊዮኖች ለረሃብ መጋለጣቸውን ለለጋሽ አገሮች በግልጽ ተናግሮ ነበር። የዓለም ሕዝብ የደነገጠው ግን በጥቅምት 1977 የጋዜጠኛው ማይክል ቡርክ ዘገባና የካሜራ ባለሙያው ሞሐመድ አሚን ምስል ከኮረም በቢቢሲ ሲታይ ነው። ያም ሆኖ፣ ማን ምን ብሎ እንደነበር በስም የተመዘገበ በመሆኑ፣ ማን ሰምቶ ዝም እንዳለ ዛሬም መጠየቅ ይቻላል። ባለቤት የሌለው «ይጠበቃል» ይህንንም ያሳጣናል።

በገበያ ውስጥ ደግሞ ቃሉ ከመናገር አልፎ ይሠራል። የዝናብ ትንበያ ደመናውን አይለውጠውም፤ የዋጋ ትንበያ ግን ዋጋውን ይለውጠዋል። ዘይት ይጨምራል ተብሎ ይጠበቃል የሚል ወሬ ሲናፈስ ነጋዴው ያለውን ያቆያል፣ ሸማቹ የሁለት ወር አስቤዛ ይሸምታል፣ ዘይቱም በእርግጥ ይጨምራል። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ስለ ዋጋ ግሽበት ሲናገሩ የሕዝቡን ግምት እንደ አንድ ትልቅ መንሥኤ የሚቆጥሩት ለዚህ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው የዶላር ዋጋ በመጀመሪያው ቀን በንግድ ባንክ ከ74 ብር አለፈ። በዚያ ሳምንት እኔ ለሪፖርተሮቻችን ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ «ይጨምራል ተብሎ ይጠበቃል» የሚል ሰው ካገኛችሁ ነጋዴ ይሁን፣ ባንክ ይሁን፣ አጥኚ ይሁን ጻፉት፤ ሸቀጥ ያከማቸ ሰው የዋጋ መጨመርን ቢጠብቅ ዜናው ሌላ ነው።

የዓባይ ግድብ ደግሞ የዚህን ግሥ ሁለት ፊት በአንድ ላይ አሳይቶናል። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ በ5 ዓመት ግድም ያልቃል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። አላለቀም። ቀኑ እየተገፋ፣ «በሚቀጥለው ዓመት ይጠበቃል» የሚለው ዜና እየተደጋገመ ዓመታት ሄዱ። የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨት የጀመረው የካቲት 13 ቀን 2014 ነው፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። ይህን ያህል ዘመን ሕዝቡ እንዴት ጠበቀ? እጁን አጣምሮ አልነበረም። ሠራተኛው ከወር ደመወዙ፣ ጫማ የሚጠርገው ልጅ ከዕለት ገቢው ቦንድ ገዝቷል። የሚጠበቅባቸውን እያደረጉ የሚጠበቀውን ጠበቁ። ግድቡ ከተባለለት ቀን ለምን ዘገየ ብለው የመጠየቅ መብታቸውም ከዚሁ ይመነጫል፤ ገንዘቡ የእነሱ ነበርና።

በአገራችን ስለ ነገ የሚናገር ሁሉ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ»፣ «ኢንሻ አላህ»፣ «ለከርሞ ያድርሰን» ብሎ ይጨምራል። ይህን እንደ ልማድ ብቻ የሚያዩት አሉ። እኔ እንደ ትልቅ ጥንቃቄ አየዋለሁ፤ ተናጋሪው ነገ በእጁ አለመሆኑን ያውቃል፣ ይህንንም ይናገራል። የበዓል ሰላምታችን «እንኳን አደረሰህ» የሆነው መድረስ ራሱ እርግጥ ስላልነበረ ነው። ዜና ጸሎት ይጨምር አልልም። ያንን ጥንቃቄ ግን በራሱ መንገድ፣ በቁጥርና በስም፣ ሊይዝ ይገባዋል።

የሙያ ባልደረቦቼን እለምናለሁ፤ «ይጠበቃል» ብላችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት ማን እንደሚጠብቅ ጻፉ፤ ክፉ ከሆነ «ይሰጋል» በሉ፤ ስሌት ከሆነ ስሌቱን ስጡ፤ ግዴታ ከሆነ ባለግዴታውን ጥሩ። አድማጭ ሆይ፣ አንተም ጠይቅ። በተለይ አርሶ አደር ከሆንክ፣ በሬዲዮ «ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» ሲባል ዘር ከመግዛትህ በፊት የቀበሌህን የግብርና ባለሙያ «ከመቶ ስንት? ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉስ ስንት ነው?» በለው። ሦስቱም ቁጥሮች በወቅት ትንበያው ሰነድ ላይ አሉ።